እኔ ነኝ የምመታው

አስጎብኚው ቢጫ ጃንጥላውን ዘርግቶ ከራሱ በላይ ሲያነሳው ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ የደመና ቁራጭ እንኳ አይታይበትም። ያም ሆኖ «እማማ ተጠንቀቁ» የሚሏቸው አሮጊት የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆም ብለው አንገታቸውን አሰገጉና ወደ ላይ አዩ። ሰው ያለ ምክንያት ጃንጥላ አይዘረጋም።

«ምልክት ነው እናቴ» አላቸው አስጎብኚው ክንዳቸውን ደግፎ እያወረዳቸው። «ዛሬ ሕዝቡ ብዙ ነው። እኔን ካጡኝ ጃንጥላውን ይፈልጉ።»

«እኔ አንተን ለምን አጣሃለሁ? አንተ እኛን እንዳትጥለን ተጠንቀቅ እንጂ።»

ከኋላቸው ለመውረድ ተራ የሚጠብቁት ጡረተኞች ሳቁ። ቅጽል ስማቸውን ገና መንገድ ላይ ሳሉ ለአውቶቡሱ ሁሉ ያዳረሰችው አጠገባቸው የተቀመጠችው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ናት። ሰፈር ውስጥ ሕፃን አዋቂው በዚሁ ስም ነው የሚጠራቸው፤ ደረጃ ለሚወርድ፣ ትኩስ ነገር ለሚጠጣ፣ መንገድ ለሚሻገር፣ ሚስት ለሚያገባ ሳይቀር የሚሰጡት ምክር ያው አንድ ስለሆነ። እሳቸው በስሙ አይከፉም። ዓለም ላይ ካለው አደጋ አንጻር ሲታይ እንዲያውም ምክራቸው አነሰ እንጂ አልበዛም ብለው ያምናሉ።

ጃንጥላውን ተከትለው በጠባቡ የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ወደ ድሮው ምሽግ ማዝገም ጀመሩ። በየሱቁ ደጃፍ ፊሽካ፣ የእንጨት ወታደርና ትንንሽ ባንዲራ ተደርድሯል። አስጎብኚው ፊቱን ወደ እነሱ አዙሮ የኋሊት እየተራመደ ስለ በዓሉ ያስረዳል፤ የጦሩ ማርሽ ባንዶች ሁሉ በዓመት አንዴ እዚህ ምሽግ ውስጥ ተገናኝተው እንደሚጫወቱ፣ አንዳንዱ ዜማ ከምሽጉ ግንብ እኩል እንዳረጀ። እማማ ግን የሚያወራውን ትተው ተረከዙን ነው የሚያዩት።

«ልጄ፣ ፊትህን አዙረህ ሂድ፤ የምትለውን በጀርባህም እንሰማዋለን።»

አስጎብኚው ታዘዘ። «በመጨረሻ ደግሞ» አለ አሁን ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ፣ «የድሮ ውጊያ በትርኢት ይቀርባል። መድፍ ይተኮሳል። እንዳትደነግጡ።»

«ባሩዱስ?» አሉ እማማ።

«ባሩዱ እውነተኛ ነው፤ የሌለው ጥይቱ ነው። ተመትተው የሚወድቁ ወታደሮችም ታያላችሁ፤ ሁሉም ማስመሰል ነው።»

«መውደቁም ማስመሰል ነው?»

«መውደቁማ… መውደቅ ያው መውደቅ ነው» ብሎ ሳቀ።

እማማ አልሳቁም። የእጅ ቦርሳቸውን ወደ ጎናቸው ጠበቅ አደረጉት። ለጆሮ ጥጥ ይዘዋል፣ ለወገብ ቅባት ይዘዋል፣ ቢበርድ ሹራብ አለ። ከሁሉ የከበደባቸው ግን ቦርሳው ውስጥ ያልገባው ነው።

የልጅ ልጃቸው እዚህ በዓል ላይ ትጫወታለች። ከማርሽ ባንዱ ጋር የገባችው ውል በዚህ ወር ያልቃል፤ ሰኞ ወይ ለሰባት ዓመት ትፈርማለች፣ ወይ የደንብ ልብሷን መልሳ ትወጣለች። «እማማ፣ አንቺ ሳትይኝ አልፈርምም፤ ግን እሺም ሆነ እምቢ፣ አንዱን በይኝ» ብላ በስልክ ከጠየቀቻቸው ወር ሞላት። እማማም ወር ሙሉ «እስቲ ልየው» ሲሉ ከረሙ። በጎን ግን የሰፈሩን ፋርማሲ ባለቤት አናግረው የገንዘብ ተቀባይነት ቦታ አስይዘውላታል። ቁጭ ብሎ የሚሠራ ነው። ጥላ ሥር ነው። ከቤት ደጃፍ ቢጠሯት ትሰማለች። ዛሬ የመጡት «በቃ፣ ነይ ወደ ቤትሽ» ሊሏት ነው። መምጣታቸውን አልነገሯትም፤ ከስታ እንደሆነ፣ ፀሐይ አጥቁሯት እንደሆነ፣ መጀመሪያ እሷ ሳታያቸው ሊያዩዋት ፈልገዋል። ሰው መታየቱን ካወቀ ደህና መስሎ ይቆማልና።

የጉዞውን ወንበር ያስያዘችላቸው የልጅቱ እናት ናት፤ ነርስ ናት፣ እሷ ዛሬም ተረኛ ነች። ልጅቱ ሕፃን ሳለችም የሌሊት ተረኛ ስለነበረች ያደገችው እማማ ጉያ ውስጥ ነው። ደረቷ ደካማ ነበር። እማማ ስንቱን ሌሊት ጆሯቸውን ጀርባዋ ላይ አድርገው ትንፋሿን ሲያዳምጡ አንግተዋል። ወታደር ቤት ልትገባ ስትነሳ አልቅሰውም ተቆጥተውም ማስቀረት ሲያቅታቸው፣ የመጨረሻ ቃላቸው «በይ እንግዲያው የሚነፋ ነገር እንዳትይዢ፤ ደረትሽ አይችልም» የሚል ነበር። ልጅቱም ምክራቸውን አክብራ የማይነፋውን ያዘች። ባንዱ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚከብደውን፣ ትልቁን ከበሮ።

*

ወንበራቸው ከሜዳው ከፍ ያለ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ገና ሳትቀመጥ የደንብ ልብሶቹን መመርመር ጀመረች። ድምፅ ማጉያው በድንገት «ተጠንቀቅ!» ብሎ ሲያንባርቅ እማማ ብድግ አሉ።

«ይኸው ሰሙሽ!» አለች ልብስ ሰፊዋ በሳቅ እየተንፈራፈረች። «አንቺ ሴትዮ፣ ጦሩ ሁሉ ባንቺ ምክር መተዳደር ጀመረ እኮ!»

«ቢሰሙኝማ ኖሮ ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር» አሉ እማማ እየተቀመጡ።

ጆሯቸውን በጥጥ ደፈኑ። መጀመሪያ ነጭ የለበሱት የባሕር ኃይሎቹ ገቡ፤ ቀጥሎ በፈረስ የተቀመጡት፣ ጥሩምባቸው ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን የሚወጋ። እማማ እንዲህ ያምራል ብለው አልመጡም ነበር። ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ዞሮ፣ አንድ ላይ ቆሞ፣ እርስ በርሱ አንድም ጊዜ አለመጋጨቱ ልባቸውን አሳረፈው። ሰው ከተጠነቀቀ እንዲህ ነው አሉ በሆዳቸው።

«ያንን ወፍራሙን እይው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ኮቱ ጀርባው ላይ ሊተረተር አንዲት ትንፋሽ ቀርቶታል። አሁን ያን ጥሩምባ ከነፋ አለቀለት።»

ሁለቱም ሙዚቃውን ትተው የሰውየውን ጀርባ ሲጠብቁ ቆዩ። ነፋ። ኮቱ ቻለው። ልብስ ሰፊዋ ትንሽ ቅር አላትና ወደ እማማ ዞረች። «እግርሽ ምን ሆኗል?»

እማማ ወደ ታች አዩ። እግራቸው ወለሉን ይመታ ነበር። «ደንዝዞኝ ነው» አሉና ሰበሰቡት።

ስልካቸው የተንቀጠቀጠው ያን ጊዜ ነው። መነጽራቸውን ፈልገው፣ ጠርገው፣ አደረጉ። መልእክቱ ከልጅቱ ነበር።

«እማማ፣ መጥተሻል አሉ! እናቴ አላስችላት ብሎ ነገረችኝ። መድፉ ሲተኮስ እኔ ነኝ የምመታው። እንዳትደነግጪ።»

እማማ ፊደል የቆጠሩ ናቸው፤ ጋዜጣም ያነባሉ። ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት በር ካለው ሁልጊዜ የሚገቡት በክፉው በኩል ነው። ደግመው አነበቡት። ጥጡ ውስጥ የገዛ ልባቸው ሲመታ ተሰማቸው። ስልኩን ለልብስ ሰፊዋ አቀበሏት።

«‹መድፉ ሲተኮስ እኔ ነኝ…› ውይ! ተመትተው ይወድቃሉ ያለን… እሷ ናት እንዴ?»

«አሳልፌ ሰጠኋት እኮ! በእጄ ነው የሰጠኋት!»

«ቆይ እንጂ፣ ማስመሰል ነው ብሏል ልጁ።»

«የምትወድቀው ድንጋይ ላይ ነው! ዳሌ እንደሆነ ለማስመሰል አይሰበርም!» አሉና ተነሱ።

ደረጃውን ሲወርዱ ማንንም ተጠንቀቁ አላሉም። የሰው እግር እየረገጡ፣ ይቅርታም ሳይጠይቁ፣ ወደ ሜዳው ዳር ወረዱ። ከኋላቸው ቢጫው ጃንጥላ በሕዝቡ ላይ እየዋኘ ሲከተላቸው አላዩትም።

ባንዶቹ ተራቸውን የሚጠብቁት በግንቡ ሥር፣ በገመድ በተከለለ ስፍራ ነበር። ገመዱ ጋ ሪዙን ያሳመረ ሃምሳ አለቃ ቆሟል።

«ምን ልታዘዝ እናቴ? ወደዚህ ማለፍ አይቻልም።»

«አላልፍም። ልጄን አትምቷት ልልህ ነው።»

«ማንን?»

«ከበሮ የያዘችዋን። ደረቷ ደካማ ነው፤ ትንሽ ልጅ እያለች ቀን በቀን ነበር የምትታመመው። ይሄን ሁሉ ጎረምሳ ሰብስበህ ሴት ልጅ ታስደበድባለህ? ከነዚህ አንዱን አቁመውና እሱ ይመታ!»

ሃምሳ አለቃው ፊቱ ተለዋወጠ። ዙሪያውን ገልመጥ ገልመጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከበላይ አካል የተላኩ መስለውታል። «እናቴ፣ እኛ ጋ ማንም ማንንም አይመታም። እንዲህ ያለ ነገር ከቀረ ቆየ። ማነው የነገረዎት?»

«እሷው ራሷ! በመድፍ ነው ያለችኝ!»

«በመድፍ?»

አስጎብኚው እያለከለከ ደረሰ። ገና አፉን ሳይከፍት ግን ከቆሙት ከበሮዎች አንዱ ከሰልፉ ወጥቶ ወደ እነሱ መራመድ ጀመረ። ከላይ ባርኔጣ፣ ከታች ቡትስ ጫማ፣ መሃሉ ከበሮ ብቻ። ከበሮው ወደ ጎን ዞር ሲል ከኋላው የልጅ ልጃቸው ፊት ብቅ አለ።

«እማማ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አትወድቂም!» አሉ እማማ። «እምቢ በያቸው። ካልሆነ እኔ እወድቅላቸዋለሁ።»

ስልኩን ለሃምሳ አለቃው ዘረጉለት። ሃምሳ አለቃው እንደ ትእዛዝ ወረቀት ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጮክ ብሎ አነበበው። «‹መድፉ ሲተኮስ እኔ ነኝ የምመታው።› ታዲያ ምኑ ነው ችግሩ? እሷ ናት የምትመታው። ትልቁን ከበሮ ሌላ ማን ሊመታ ነው?»

እማማ ጥጡን ከአንድ ጆሯቸው አወጡ። «እስቲ ድገመው።»

ደገመው።

«ላልቶ ነው?»

«ምኑ?»

«የምትመታው። ላልቶ ነው የሚነበበው? ጠብቆ አይደለም?»

መጀመሪያ ነገሩ የገባው ለልጅቱ ነው። ስልኩን አየች፣ አያቷን አየች፣ መድፉን አየች፤ ከዚያ በሳቅ ፈነዳች። ደረቷ ላይ የተጠፈረው ከበሮ ሳቋን ተቀብሎ ከውስጥ እምም እያለ ነዘረ። «ውይ እማማ! ላልቶ! ላልቶ ነው! ማን ጠብቆ አንብቢው አለሽ?»

«አንቺስ ነጥብ ምልክት አታደርጊም? ወይ ከበሮውን አትዪም? እኔ ምን ላድርግ፣ ፊደሉ ያው አንድ ነው!» አሉ እማማ፤ ቁጣው ግን ተንፍሶባቸው ነበር። ሃምሳ አለቃው ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አስጎብኚው ላቡን ጠረገ።

እማማ ያን ጊዜ ነው ልጅቱን ደህና አድርገው ያዩዋት። አልከሳችም። ፀሐዩ አጥቁሯታል፤ እሱስ አልጎዳትም። ትከሻዋ ሰፍቷል፣ የከበሮው ጠፍር በሁለት ወገን ይዞታል። እጃቸውን ዘርግተው የአንገቷን ቁልፍ ሊያስተካክሉ ሞከሩ፤ የሚስተካከል ነገር አጡበት።

ልጅቱ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «እማማ፣ ሰኞ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ትያለሽ?»

በቃ፣ ነይ ወደ ቤትሽ። ቃሉ ምላሳቸው ላይ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ይዘውት ነው የመጡት። ከሜዳው ወገን ፊሽካ ተነፋ። ከበሮዎች ሁሉ ተነሱ።

«መጀመሪያ ልስማው» አሉ እማማ።

«ከዚያ ትነግሪኛለሽ? የእውነት?»

«እነግርሻለሁ። ሂጂ አሁን፣ ሰው አታስጠብቂ።»

*

ሃምሳ አለቃው እዚያው ገመዱ ጋ የከበሮ ሳጥን አምጥቶ አስቀመጣቸው። አስጎብኚው ጃንጥላውን አጠገባቸው ወለሉ ላይ አቁሞ፣ «ከዚህ እንዳይነቃነቁ» ብሏቸው ወደ ሌሎቹ ተመለሰ።

የውጊያው ትርኢት ተጀመረ። ሰዎች ሮጡ፣ ሰዎች ወደቁ፤ አወዳደቃቸውን ሲያዩ ቀድመው በእጅ ተደግፈው እንደሚተኙ እማማ ልብ አሉና ትንሽ ቀለላቸው። ከዚያ መድፉ ተተኮሰ። ርግቦች ከግንቡ ላይ ተበተኑ። እማማ አልደነገጡም፤ ወይም ደንግጠው ሳለ አልደነገጥኩም ብለው ወሰኑ። ጭሱ ሜዳውን ሞላው፣ የወደቁትንም የቆሙትንም ሸፈናቸው። ባንዶቹ ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው፣ ግን አንዳቸውም አይታዩም።

ጭሱ ውስጥ አንድ ምት ተሰማ።

በጆሯቸው አልገባም፤ በተቀመጡበት ሳጥን በኩል፣ በአጥንታቸው ነው የመጣው። እማማ የቀረውን ጥጥ አወጡ። ሁለተኛው ምት መጣ፤ አይቸኩልም፣ አይዘገይም። ጭሱ ከታች በኩል እየሳሳ ሲሄድ መጀመሪያ የታዩት እግሮች ናቸው። ማንም ከወገብ በላይ አይታይም፤ ሜዳ ሙሉ እግር ብቻ። ከበሮው ሲመታ ይነሳሉ፣ ሲመታ ያርፋሉ። የባሕር ኃይሉ ነጭ ሱሪ፣ የእግረኛው ቡትስ፣ የፈረሶቹ ኮቴ ሳይቀር። ምቱ ቢዘገይ ያ ሁሉ እግር በአየር ላይ እንደሚቀር ለእማማ ግልጽ ሆነላቸው።

መንገድ ስትሻገር እጇን ለቀዋት አያውቁም ነበር። ትምህርት ቤት ጨርሳ እንኳ እስከ መብራቱ ድረስ ይሸኟት ነበር። አሁን ግን ያ ደረቱን በኒሻን የሞላው ሁሉ እሷ ሳትለው አንዲት እግር አያነሳም።

ባንዱ በፊታቸው ሲያልፍ አዩዋት። ዓይኗ ፊት ለፊት ነው፣ አያቷን አታይም። አፏ ገጥሟል፤ በአፍንጫዋ ነው የምትተነፍሰው። እማማ ያንን ትንፋሽ ያውቁታል፣ ከከበሮ በታችም ቢሆን ይለዩታል። ረጅምና ሙሉ ነበር። የትም አይቆራረጥም።

እማማ ፍርሃታቸውን ፈለጉት። አልሄደም፣ አጠገባቸው ነው ያለው፤ ግን እንደ እሳቸው ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር።

*

ልጅቱን መልሰው አላገኟትም። ባንዶቹ ትርኢቱን ሲጨርሱ ሰልፋቸውን ሳይበትኑ በሌላኛው በር ወጡ፤ በእግራቸው እስከ ካምፕ ድረስ እንደሚሄዱ ሃምሳ አለቃው ነገራቸው። አስጎብኚው «እናቴ፣ አውቶቡሱ እየጠበቀ ነው» እያለ ይወተውታል።

«በስልክ ትነግሪያታለሽ» አለች ልብስ ሰፊዋ አውቶቡሱ ውስጥ ጎናቸው እየተመቻቸች። ሁሉን ነገር አሁን ነው የሰማችው። «ደግሞ ያን ኮት አየሽው? በልኳ ነው የሰፉላት። ትከሻው ላይ አንዲት ጥፋት ባገኝ ብዬ ፈለግሁ፣ የለም።»

«አዎ፣ ማታ እደውላለሁ» አሉ እማማ።

ግን ራሳቸውን ያውቃሉ። ማታ ቤቱ ጭር ሲል፣ በሩ ሁለት ጊዜ ተቆልፎ፣ ጋዙ መጠፋቱ ሦስት ጊዜ ታይቶ ሲያልቅ፣ ያ የማይቀረው ፍርሃት ይመጣል። ፋርማሲው ቅርብ ነው ይላቸዋል። ሰባት ዓመት ረጅም ነው ይላቸዋል። ስልኩን አንስተው የሚናገሩት ማታ የሚፈሩት ሴትዮ ይሆናሉ እንጂ ዛሬ ሳጥኑ ላይ የተቀመጡት አይሆኑም።

አውቶቡሱ ከዋናው መንገድ እንደገባ ቆመ። ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ፣ አንገቱን አወጣ፣ መልሶ ተቀመጠ። «ወታደሮቹ መንገዱን ይዘውታል። በዚህ አካሄድ ማታ ነው የምንገባው።»

እማማ ብድግ አሉ። ከፊት ያሉት መኪኖች አንድ በአንድ ሲያልፉ አውቶቡሱ እየተሳበ ከሰልፉ ጎን ደረሰ። ጥሩምባዎቹ ዝም ብለዋል፤ የሚሰማው ትልቁ ከበሮ ብቻ ነው። እሷ ባርኔጣዋ እስከ መስኮቱ ሥር ደርሶ እየሄደች ነበር። ከፊት መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ወደ ግራ ካምፑ፣ ወደ ቀኝ የእነሱ መንገድ።

እማማ መስኮቱን ገፉት። አልከፈት አለ። በሁለት እጃቸው ገፉት፣ ተከፈተ፤ ግማሽ አካላቸውን ይዘው ወደ ውጭ ወጡ። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሳቸውን ጨብጣ ያዘች።

«ፈርሚ!»

ሰልፈኛ ዞሮ አያይም። ከበሮው መታ፣ እግር ተነሳ።

«ፈርሚ ልጄ! ለሰባቱም ዓመት! ፈርሚ!»

«ፈርሚ!» አለች ልብስ ሰፊዋም በዚያ በገበያ ድምፅዋ። ከኋላ ያሉት ጡረተኞች ማን ምን እንደሚፈርም ሳያውቁ መስኮታቸውን እየከፈቱ ተቀበሏት፤ አውቶቡሱ ሙሉ «ፈርሚ! ፈርሚ!» አለ። መንገድ ዳር የቆመችው ትራፊክ ፖሊስ እሷን የሚሏት መስሏት እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሷን ዳበሰች።

ከበሮው አንዲት ምት አላዛነፈም። መገንጠያው ላይ ሰልፉ ወደ ግራ ታጠፈ፣ አውቶቡሱም ወደ ቀኝ ጥቂት ተራምዶ መብራት ላይ ቆመ። መጀመሪያ ባርኔጣዎቹ፣ ቀጥሎ የጥሩምባዎቹ ጫፍ ከሕንፃው ጀርባ ጠፋ።

«ሰምታሻለች?» አለች ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን ሳትለቅ።

እማማ ጆሯቸውን ወደ ውጭ አድርገው፣ ነፋሱ ሻሻቸውን እያንገዋለለው፣ እንዳሉ ቆዩ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ሾፌሩ ማርሽ ሊያስገባ እጁን ዘረጋ።

«ቆይ ልጄ» አሉት ሳይዞሩ። «ሞተሩን አታስጩኸው። ገና ይሰማል።»